«ካርቱን ነው» ብዬ የከፈትኩት ፊልም

(በወጣቶች የውይይት መድረካችን ላይ የቀረበ ንግግር ነው። በቦታው ላልተገኛችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።)

 

በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ታሪካችንን ነው። ስለ ጀግኖቻችን፣ ስለ አባቶቻችን መሥዋዕትነት፣ ስለ ሀገር ፍቅር እንነጋገራለን። እኔም ተራዬ ሲደርስ ስለዚያው ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲያውም ግማሹን ጽፌዋለሁ። ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ፊልም አየሁና ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ፊልሙ «ፐርሰፖሊስ» ይባላል። አኒሜሽን ነው፤ እኛ በተለምዶ ካርቱን የምንለው። ማርጃን ሳትራፒ የምትባል ኢራናዊት የራሷን የልጅነት ሕይወት መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ በሥዕላዊ መጽሐፍ አወጣችው፤ በአራት ክፍል፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003። ከዚያ ቫንሳን ፓሮኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልም አደረገችው። በዚያው ዓመት ካን ላይ ከሌላ ፊልም ጋር የዳኞችን ሽልማት ተጋራ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለኦስካር ታጨ። ሥዕሉ በእጅ የተሳለ ነው። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የምታዩት ሴትዮዋ አድጋ ፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣ ያለፈውን ስታስታውስ ነው።

እኔ እንደ ፊልም ተንታኝ አላወራም፤ ሙያዬም አይደለም። የማወራው ፊልሙን ከማን ጋር እንዳየሁትና ምን እንዳደረገኝ ነው።

ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ላይ ትንሽ ቻርጅ ቀርቶ ነበር። እማዬ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ስከፍተው «አሁን አንተ ካርቱን የምታይበት ዕድሜ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ይሄ የትልቅ ሰው ነው» አልኳት። የሚናገሩት በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ ተረጎምኩላት። መጀመሪያ የምትሰማኝ ለይሉኝታ ያህል ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ቴህራን ውስጥ፣ ሻሁ ሊወድቅ ሲል ነው። ማርጂ ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማዋ ነው። ብሩስ ሊን ትወዳለች፤ ስታድግ ነቢይ መሆን ትፈልጋለች። ትምህርት ቤት ንጉሡን የመረጠው ፈጣሪ ነው ተብላ ተምራለች። ቤት ስትመጣ ግን አባቷ ቁጭ አድርጎ የሻሁ አባት እንዴት በእንግሊዞች እጅ ወደ ሥልጣን እንደመጣ ይነግራታል። ብዙም ሳትቆይ ማርጂ ቤት ውስጥ እየተሽከረከረች «ሻህ ይውደም!» እያለች ሰልፍ ትወጣለች። እማዬ እዚህ ጋ ፈገግ አለች። «እኛም እንዲሁ ነበርን» አለች። ምስሯን ግን አላቆመችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ የፊልሙ ስም ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ፐርሰፖሊስ ዳርዮስ ያሠራት፣ እስክንድር ያቃጠላት የጥንቷ ፋርስ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971፣ በእኛ በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሻሁ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በዚያች ፍርስራሽ አጠገብ በታላቅ ድግስ አከበረ። የዓለም ነገሥታትና መሪዎች ተጠርተው ነበር። ከተጋባዦቹ ከፍተኛውን ክብር ካገኙት አንዱ የእኛው አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አፄው ከዙፋን ወረዱ። ሻሁም እ.ኤ.አ. በ1979 መጀመሪያ ላይ ከሀገሩ ወጥቶ ተመልሶ አልገባም። ሁለቱም ሀገር ውስጥ ሕዝቡ ተስፋ አድርጎ ወጣ። ሁለቱም ሀገር ውስጥ ከተስፋው በኋላ የመጣው ሌላ ሆነ። እናቴ በ1970 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ማርጂ ደግሞ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አስቡት፣ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። እማዬ የምታየው የባዕድ ሀገር ካርቱን አልነበረም፤ የራሷን ክፍል ልጆች ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። አብዮቱ ከተሳካ በኋላ የማርጂ አጎት አኑሽ ከእስር ቤት ይፈታል። ኮሚዩኒስት በመሆኑ በሻሁ ዘመን ለዓመታት የታሰረ ሰው ነው። እስር ቤት ሆኖ ከዳቦ የሠራውን የወፍ ቅርጽ ያመጣላታል። ማርጂ በአጎቷ ኮራች። አጎትየውም «አይዞሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ባይ ነው። አልተስተካከለም። በሻሁ ጊዜ ያሳሰረው እምነቱ በአዲሱ መንግሥት ጊዜ መልሶ አሳሰረው። እንዲገደል ሲፈረድበት አንድ ጠያቂ ብቻ ተፈቀደለት፤ የመረጠውም ማርጂን ነበር። ከእስር ቤቱ ስትመለስ ያቺ ሕፃን ከፈጣሪ ጋር ተጣላች። በየማታው ታነጋግረው የነበረውን አምላክ ከክፍሌ ውጣ አለችው። እማዬ አማተበች። «ልጅ ናት፣ አይፈርድባትም» አለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኢራቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ወረረች፤ ውጊያው ስምንት ዓመት ፈጀ። በዚያ መሀል ሕይወት ሁሉ ጠበበ። ሴት ሁሉ እንድትሸፋፈን ታዘዘ። ሙዚቃ በድብቅ ሆነ፤ ማርጂ የሮክ ካሴት እንደ ኮንትሮባንድ ከመንገድ ላይ ነው የምትገዛው። አንድ ቀን በለበሰችው ጃኬት ምክንያት ቻዶር የለበሱ ሴቶች መንገድ ላይ ያስቆሟታል። እኔ ለእማዬ ስተረጉም ሳላስበው «አብዮት ጠባቂዎች ናቸው» አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ምን ናቸው አልክ?»

«አብዮት ጠባቂ። የአብዮቱ ጥበቃ ማለቴ ነው፣ እነሱም እንደዚያ ነው የሚሏቸው።»

«የእኛን ስም ከየት አገኙት?» አለች። ከዚያ በኋላ ምስሩን አልነካችውም።

ለምን እንደሆነ ከእናንተ ውስጥ ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ ታውቁታላችሁ። ለታናናሾቻችን ግን በአጭሩ ልናገር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲታወጅ አብዮት ጠባቂ ማለት የቀበሌው መሣሪያ ያዥ ነበር። ቤት ይፈትሻል፣ ያስራል፣ ይወስዳል። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መንገድ ዳር የወደቀ ሬሳ ያያል፤ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት። የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የመጣ ወላጅ የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለበት ጊዜ ነው። ማልቀስም የተከለከለበት ጊዜ ነው። ይህንን ሁሉ እኔ በመጽሐፍ ነው ያነበብኩት። እናቴ ኖራበታለች፤ ግን በሃያ ስምንት ዓመቴ አንድም ቀን አውርታልኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ስለ ዐድዋ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር እችላለሁ፤ እናቴ በአሥር ዓመቷ ምን እንዳየች ግን አላውቅም ነበር። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ወዳድ ነበርኩ።

«ወደ ኋላ መልሰው» አለችኝ። «የቱን?» ስላት «የልጁን፣ የምስማሩን» አለች።

ይሄ ገና መጀመሪያው አካባቢ ያለ ትዕይንት ነው፤ እኔ ብዙም ሳላስተውለው ያለፍኩት። ሻሁ እንደወደቀ የሰፈሩ ልጆች የአንዱን ልጅ አባት የሳቫክ፣ ማለትም የሻሁ የስለላ ድርጅት ሰው ነበር ብለው ይሰማሉ። አባትየው ሰው ገድሏል ይባላል። ልጆቹ ምስማር ይዘው፣ ማርጂም ከፊት ሆና፣ ልጁን ሊያሠቃዩት ያሳድዱታል። ፍትሕ እያደረጉ ነው የሚመስላቸው። ደግነቱ እናቷ ደረሰችና አስቆመቻት። በአንቺ ጆሮ ላይ ቢሆንስ ብላ በአንድ ጥያቄ ልቧን መለሰችው።

መልሼ ከፈትኩላት። ጨርሳ አየችው። ከዚያም ላፕቶፑን እያየች፣ እኔን ሳታይ፣ ነገረችኝ።

በሰፈራቸው አንዲት ልጅ ነበረች። የእማዬ እኩያ፣ የቅርብ ጓደኛዋ። እናትየዋ ዳቦ በደፉ ቁጥር ለእማዬ ከጫፉ ቆርሰው የሚሰጡ ሴት ነበሩ። አንድ ለሊት የልጅቷን ታላቅ ወንድም ወሰዱት፤ በማግሥቱ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ልጅቷን «የአናርኪስት እህት» ይሏት ጀመር። ማንም ያዘዛቸው የለም። ትልልቆቹ ሲሉ ሰምተው ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከኋላዋ እየተከተሉ በኅብረት እንደ ዘፈን ይሉት ነበር።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔም ብያለሁ» አለች። «ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ካልጮኽኩ እኔንም እንደዚያ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ።»

ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። ቤተሰቡም ሰፈሩን ለቀቀ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እማዬ ገበያ ላይ አገኘቻት። ልጅቷ ናት ቀድማ ያወቀቻት፤ አቅፋ ሳመቻት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት። እማዬ «ይቅር በይኝ» ማለት ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አለ። ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩና ተለያዩ።

«የማርጂን እናት አየሃት?» አለችኝ እማዬ በመጨረሻ። «እኔ ያን ቀን የሚይዘኝ ሰው አጣሁ። እናቴ ፈርታለች፣ ሁሉም ሰው ፈርቷል። ያን ልጅ የያዘችው እናቷ ናት።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ ይህንን ፊልም ስከፍት ስለ ጨቋኝ መንግሥት ነው ብዬ ነበር። ነው እንጂ። ግን ከዚያ በላይ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ጭቆና የተጨቋኙን ልጅ ምን ሊያደርገው እንደሚችል። የሚገርፈን ሰው ሲወድቅ አለንጋው መሬት ላይ ይቀራል። ጥያቄው ማን ያነሣዋል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ልጅ ነው፤ ለዚያውም «ለፍትሕ ነው» ብሎ።

ፊልሙ ይህን ነገር ደግሞ ያመጣዋል፤ አሁን ማርጂ አድጋለች። ወላጆቿ በአሥራ አራት ዓመቷ ለደኅንነቷ ሲሉ ብቻዋን ወደ ቪየና ልከዋት ነበር። እዚያ ስደትን ቀመሰችው። መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ማደሪያ ውስጥ ስለ ኢራናውያን በተነገራት ንቀት ተጣልታ ተባረረች። አንድ ጊዜ ድግስ ላይ ከየት ነሽ ስትባል አፍራ «ፈረንሳዊት ነኝ» አለች። ወዲያው የአያቷ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። በኋላ ግን ልጆች ሲያሙባት ሰምታ ኢራናዊነቴ ኩራቴ ነው ብላ ጮኸችባቸው። በአረብ ሀገርም በአውሮፓም ያሉ እህት ወንድሞቻችን «ከየት ነህ? ከየት ነሽ?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቋታል። እውነቱን ስንናገር ሁላችንም ሁልጊዜ ቀና ብለን አልመለስናትም። በመጨረሻ ማርጂ ክረምቱን መንገድ ላይ አድራ፣ ታማ ሆስፒታል ገብታ፣ ወደ ቴህራን ተመለሰች።

እና አንድ ቀን ወዳጇን ልታገኝ ተኳኩላ ቆማ እያለች ጠባቂዎቹ መጡ። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች፤ ሊይዟት ነው። በድንጋጤ አጠገቡ ያለውን ምንም የማያውቅ ሰውዬ ጠቁማ «ይህ ሰው አስነዋሪ ነገር ተናገረኝ» አለች። ሰውየውን ይዘውት ሄዱ። እሷ ዳነች።

ቤት ገብታ ለአያቷ እየሳቀች ነገረቻት፤ ብልጠት መስሏት። አያትየዋ ማለት በፊልሙ ውስጥ የሁሉ ተወዳጅ ናት፤ በየማለዳው የጃስሚን አበባ ጡት መያዣዋ ውስጥ የምትከት፣ ጥሩ ጥሩ የምትሸት፣ አፏ ያልታሰረ አሮጊት። ድምፅ የሆነቻት ዝነኛዋ ፈረንሳዊት ተዋናይት ዳንየል ዳሪዩ ናት። ያቺ አያት ያን ቀን ተቆጣች። እንዲያ ስትቆጣ ሌላ ቦታ አናያትም። አያትሽም አጎትሽም የታሰሩት፣ አጎትሽ የሞተው፣ ለዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማርጂን ወደ ቪየና ስትሸኛት የመከረቻት ምክር አንድ ነበር፤ ክብርሽን ጠብቂ፣ ለራስሽ ታማኝ ሁኚ። አሁን ያ ክብር የት ሄደ?

ልብ በሉ። አያትየዋ «መንግሥቱ ነው ጥፋተኛው፣ አንቺ ምን ታደርጊ?» አላለችም። ማለት ትችል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንባትም። እሷ ግን የልጅ ልጇን ከአገዛዙ በታች ሆና ማየት አልፈለገችም። ፈራሁ ብለሽ ያልበደለሽን ሰው አሳልፈሽ ከሰጠሽ፣ ከእነሱ በምን ተለየሽ ነው ነገሩ።

እኔ እዚህ ጋ ነው ፊልሙን ያቆምኩት። ላፕቶፑ አይደለም የደከመው፤ እኔ ነኝ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ከእናንተ አንዳንዶቹ ታውቁት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን፤ የታሪክ ግሩፕ። አንድ የዶርም ጓደኛችን፣ ዝምተኛ፣ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ልጅ፣ ስለ አንድ የምናወድሰው ሰው ጥያቄ ጠየቀ። ጀግንነቱ እውነት ነው፣ ግን በዚያ ዘመቻ ምንም ያላጠፉ ገበሬዎችም ተጎድተዋል፣ እሱንስ እንዴት እናየዋለን አለ። ጥያቄው ይኸው ነው። እኔ መልስ አልነበረኝም። መልስ ስላልነበረኝ «ባንዳ ሁሌም ባንዳ ነው፤ ዘሩ ይጠና» ብዬ ጻፍኩ።

ሰው ወደደልኝ። እሳት፣ ጭብጨባ፣ ባንዲራ ተደረደረ። ያን ማታ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ተኛሁ። በማግሥቱ የዶርሙ በር ላይ በማርከር «ባንዳ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። እኔ አልጻፍኩትም። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ቃሉ የማን እንደነበረ አውቃለሁ። ልጁ በሩን በውኃ ሲያጥብ በአጠገቡ አልፌ ቁርስ ልበላ ሄድኩ። በሳምንቱ ዶርም ቀየረ። ከእኛ ጋር ምሳ መብላት አቆመ። እስክንመረቅ ድረስ አንድ ቃል አላወራንም።

ባንዳ የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሀገሩን ለጠላት የሸጠ ሰው የተጠራበት ቃል ነው። አርበኞቻችን ዋጋ ከፍለው ትርጉም የሰጡትን ቃል እኔ ጥያቄ ለጠየቀ ልጅ አፍ መዝጊያ አደረግኩት። አርበኛውንም አዋረድኩ፣ ልጁንም አዋረድኩ። የእናቴ ሰፈር ልጆች «የአናርኪስት እህት» ሲሉ ቢያንስ ልጆች ነበሩ፤ ቢያንስ ፈርተው ነበር። እኔን ማን አስፈራኝ?

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ፊልም እኮ ምዕራባውያን ኢራንን ለማጠልሸት የሠሩት ነው» ትሉ ይሆናል። የኢራን መንግሥትም እንዲሁ ብሎ ተቃውሞታል። ባንኮክ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሊታይ ታቅዶ ከዝርዝሩ ወጣ። ሊባኖስ መጀመሪያ ከልክላ በኋላ ፈቀደች። ቱኒዚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላሳየው ጣቢያው ላይ ጥቃት ተሞከረ፤ ባለቤቱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ። እኔ ግን «እስቲ መጀመሪያ እዩት» ነው የምለው። ፊልሙ ውስጥ እንግሊዝ ትወቀሳለች። ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ የሸጡ ምዕራባውያን ይወቀሳሉ። የአውሮፓ ንቀትም ይታያል። ከሁሉም በላይ የምትወቀሰው ግን ራሷ ደራሲዋ ናት። ያንን ሰውዬ አሳልፋ የሰጠችበትን ቀን ብትተወው ማን ያውቅባት ነበር? ማንም። ራሷ ሣለችው፤ ለዓለም ሁሉ አሳየችው። ሀገሩን የሚጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሀገሩን የሚጠላ ሰው የሌላውን ጥፋት ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ደግሞ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ማህሳ አሚኒ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት ቴህራን ውስጥ በአለባበሷ ምክንያት በሥነ ምግባር ፖሊስ ተይዛ በእጃቸው እያለች ሞተች። የኢራን ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ገልጠው አደባባይ ወጡ። ማርጂ ስትሮጥ እንኳ «ሩጫሽ ያስነውራል» ብለው ያስቆሟት የዚያ ሥርዓት ሰዎች ናቸው።

ከአያቷ ቁጣ በኋላ ማርጂ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። አኩርፋ አልተቀመጠችም። ዩኒቨርሲቲው ስለ ሴቶች አለባበስ ስብሰባ ሲጠራ፣ በሁሉም ፊት ተነሥታ ለወንዶቹና ለሴቶቹ የወጣው ደንብ እንዴት የተለያየ እንደሆነ ጠየቀች። ቅድም ፈርታ ሌላውን ጠቁማ ነበር፤ አሁን ጣቷን ሳይሆን ድምፅዋን አነሣች። አያቷም ታረቀቻት። ይቅርታ ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ። ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ በፈራህበት ቦታ ላይ ተመልሰህ መቆም አለብህ።

በመጨረሻ ማርጂ ለሁለተኛ ጊዜ ከሀገሯ ወጣች፤ ወደ ፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1994። እናቷ ተመልሰሽ እንዳትመጪ አለቻት። እናት ለልጇ እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የፊልሙ መዝጊያ ላይ ታክሲ ትይዛለች። ሹፌሩ ከየት እንደመጣች ይጠይቃታል። በአንዲት ቃል ትመልሳለች፤ ከኢራን። ቪየና ላይ የካደቻትን ሀገር ፓሪስ ላይ አልካደቻትም። መፈክር የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ለቅሶ የለም። እኔ ስለ ሀገር ፍቅር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ ራሴም አድርጌያለሁ። እንደዚያች አንዲት ቃል የነካኝ ግን የለም። እውነትን ተናግራ የጨረሰች ሴት ስለተናገረችው ይመስለኛል።

ፊልሙ ሲያልቅ እማዬ ሰፌዷን አነሣችና «አያትየዋ ደግ ሴት ናት» አለች። ከዚያ «ልጁን ደውልለት» አለችኝ። የበሩን ነገር መሀል ላይ ነግሬያት ነበር።

ስልኩን ማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደወልኩለት። ስሜን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ያደረግኩትን ተናገርኩ፤ ሳላሳምር፣ «ወጣት ነበርን» ሳልል። «በሩ ላይ ያለውን እኔ አልጻፍኩም» የምትለዋ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። ሰማኝ። «አስታውሳለሁ» አለ። ቀጥሎ «ጥያቄዬን ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም» አለኝ። ከዚያ ሥራ ላይ ነኝ፣ ደህና ሁን ብሎ ዘጋው። ይቅር ብሎኛል ብዬ አልነግራችሁም። አላለም፤ እንዲልም አላስገድደውም።

ስለዚህ ዛሬ ላቀርበው የነበረውን ወረቀት የተውኩት ለዚህ ነው። የዚያ ወረቀት ግማሹ ጠላትን የሚዘረዝር ነበር። በምትኩ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙን እዩት። ብቻችሁን አትዩት፤ ከእናታችሁ፣ ከአባታችሁ፣ ከአያታችሁ ጋር እዩት። አቁሙና «እናንተስ ያኔ ምን አያችሁ?» በሏቸው። ዝም ቢሉ አትቸኩሉ። ምስራቸውን ለቅመው ይጨርሱ።

ሁለተኛ፣ «ባንዳ»፣ «ከሃዲ»፣ «የእነ እገሌ ዘር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሰው የጻፈውንም ከማጋራታችሁ በፊት፣ ያ ሰው ነገ ጠዋት በሩን እንደሚከፍት አስቡ። ይሄ ገጽ ብዙ ተከታይ አለው። እኛ አንድ ቃል ስንለቅ በማርከር የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄ የሚጠይቀንን ሰው አናባርር። ሀገራችንን የምንወዳት ከሆነ ጥያቄ አይጎዳትም። ያ ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ በሚቀጥለው መድረክ ላይ እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። መልሱን አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገዋለን። እሱም እንዲመጣ እጋብዘዋለሁ። ባይመጣም ወንበሩን እንይዝለታለን።

እናቴ የልጅነት ጓደኛዋን አሁን እየፈለገቻት ነው። ከድሮ ሰፈራቸው የምታውቋቸው ትልልቅ ሰዎች እንዳሉ እየጠየቀች ነው። ከተገኘች ስለ በርበሬ ዋጋ አላወራም ብላለች።

 ቸር ያሰማን።